ሥራ አጦች ያቆሙት የተራራ ቤት፦ ቲምበርላይን ሎጅ እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ቆየ?

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት፣ በሁድ ተራራ ትከሻ ላይ በሚገኘው ቲምበርላይን ሎጅ ውስጥ፣ የደረጃው መደገፊያ በሚጀምርበት ቦታ ወፍራም የእንጨት ቋሚ ቆሟል። የቋሚው ጫፍ በእጅ ተፈልፍሎ በአካባቢው ከሚገኙት እንስሳት የአንዱን መልክ ይዟል፤ አንዱ ድብ ነው፣ ሌላው ጉጉት። ደረጃውን የሚወጣም የሚወርድም ሰው በመዳፉ እየነካው ስለሚያልፍ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የተዳበሰው እንጨት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ይህ እንጨት ለቤት ጌጥ ተብሎ ከጫካ የተቆረጠ አይደለም። የመብራትና የስልክ ሽቦ ሲሸከም ኖሮ አገልግሎቱን ጨርሶ የተጣለ አሮጌ የዝግባ ምሰሶ ነበር።

ቲምበርላይን በሩቁ ሲታይ የአውሮፓ መኳንንት ለአደንና ለመዝናኛ ያሠሩት ቤት ይመስላል። ጣራው ሾጣጣና ቁልቁል ነው፤ ግድግዳው ከሥሩ ድንጋይ፣ ከበላዩ እንጨት ነው፤ ከመሐሉም ግዙፍ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ያሠራው ግን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሠሩትም በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት እንጀራቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። የአውሮፓ መኳንንት መልክና የሥራ አጥ ሠራተኛ እጅ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ፣ ቤቱ በየዓመቱ የሚወርድበትን በረዶ እንዴት እንደሚችል፣ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሳለም በግል ድርጅት እየተዳደረ እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ከዚህ በታች እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሁድ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍ የሚል እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከኦሪገን ትልቁ ከተማ ከፖርትላንድ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይወስዳል። ሎጁ የቆመው በተራራው ደቡባዊ ገጽ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ በአምስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ቦታውን የበረዶ አገር ያደረገው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው፤ የሁድ ተራራ የሚገኘው በሰሜን 45ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም በምድር ወገብና በሰሜን ዋልታ እኩሌታ ላይ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ ካስኬድ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ይገጥመዋል፤ ያንን ለመሻገር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም ያዘለውን ውሃ በበረዶ መልክ ያራግፋል። ስለዚህ ሎጁ ባለበት ቦታ በዓመት ከአሥር ሜትር በላይ በረዶ ይወርዳል። ይህ ሁሉ እንዳለ ተቆልሎ አይቆይም፤ በራሱ ክብደት እየተጫነ ይጠቀጠቃል፣ ከፊሉም ይቀልጣል። ይሁንና በቅዝቃዜው ወራት የታችኛው ፎቅ መስኮቶች በበረዶ ተቀብረው ማየት የተለመደ ነገር ነው። ስሙም ከቦታው የመጣ ነው፤ ቲምበርላይን ማለት ዛፍ ማደግ የሚያቆምበት ወሰን ማለት ሲሆን፣ ከሎጁ በታች ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከሎጁ በላይ ደግሞ በአመዛኙ ድንጋይ፣ አሸዋና በረዶ ነው ያለው።

የአውሮፓ መልክ እዚህ ድረስ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ተራራ ለመዝናኛ የሚኬድበት ቦታ መሆን የጀመረው በአልፕስ፣ በተለይም በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ስለሆነ፣ በሌላ አገር የተራራ ማረፊያ ለመሥራት ያሰበ ሁሉ የሚያስታውሰው መልክ የዚያኑ አገር ቤት ነበር። በአሜሪካ ይህን መልክ በስፋት ያስገቡት የባቡር ኩባንያዎች ናቸው። ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ በሞንታና ግዛት በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ በ1910ዎቹ ያሠራቸው ሆቴሎች የስዊስ ገጠር ቤትን አምሳል የያዙ ነበሩ፤ ኩባንያው አካባቢውን ለመንገደኛ የሚያስተዋውቀውም የአሜሪካ አልፕስ እያለ ነበር። በበረዶ ላይ መንሸራተትን ያመጡት ደግሞ በአመዛኙ ከኖርዌይና ከሌሎች የስካንዲኔቪያ አገሮች የፈለሱ ሰዎች ነበሩ፣ በኋላም የኦስትሪያ አሠልጣኞች ተከተሏቸው። ስፖርቱ ከአውሮፓ ሲመጣ ቤቱም አብሮት መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የስዊስ ገጠር ቤት ጣራ በብዙ ሰው አእምሮ እንደተሳለው ቁልቁል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ በረዶውን ሆን ብሎ ይሸከመዋል፣ የተከመረው በረዶም ቤቱን ከብርድ ይከላከልለታል፤ ጣራው በነፋስ እንዳይነሳም በድሮው ጊዜ ድንጋይ ይጫንበት ነበር። ቁልቁል ጣራ የመጣው ከሌላ የአውሮፓ ወገን፣ ከፈረንሳይ ባላባቶች ቤትና ከሰሜኑ የእንጨት አገር ነው። ቲምበርላይንን የነደፉት ባለሙያዎች ከሁለቱም ወሰዱ፤ ከስዊስ ቤት የእንጨቱን ግዝፈትና ቅርጻ ቅርጹን፣ ከባላባቶቹ ቤት የጣራውን ቁልቁለትና የመሐል ግንቡን። ለዚህ ቅልቅል በኋላ ካስኬዲያን የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ከካስኬድ ተራሮች ስም የተወሰደ ነው። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ፤ ቤቱ የአውሮፓ ግልባጭ ነው ከሚለው አባባል ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሜሪካ በ1929 በጀመረው ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ወድቃ ሚሊዮኖች ሥራ ፈትተው ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1935 ዎርክስ ፕሮግረስ አድሚኒስትሬሽን የተባለ ተቋም አቋቋሙ። የተቋሙ አሠራር ቀላል ነበር፤ መንግሥት ለሥራ አጡ እርጥባን ከሚሰጠው ይልቅ ለአገር የሚጠቅም ሥራ አሠርቶ ደመወዝ ይክፈለው የሚል ነው። መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤትና የውሃ መስመር በዚህ መልክ ተሠሩ። የኦሪገን ቅርንጫፉን ይመሩ የነበሩት ኤመርሰን ግሪፊዝ በሁድ ተራራ ላይ ሆቴል እንዲሠራ ሐሳቡን ገፉበት፤ መሬቱ የብሔራዊ ደን ክልል ስለነበረ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ባለቤት ሆኖ ገባበት፤ ግንባታውም በጁን 1936 ተጀመረ።

የዚህን ቤት ምንነት ለመረዳት ከመንትያው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያው በ1936 በአጎራባቹ የአይዳሆ ግዛት ሰን ቫሊ ሎጅ የተባለ ሌላ የተራራ ሆቴል ተከፈተ። ያሠራው የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው ሊቀ መንበር አቨሬል ሃሪማን አንድ የኦስትሪያ መኳንንት ቤተሰብ ተወላጅ፣ ካውንት ፌሊክስ ሻፍጎች የተባሉትን ልከው ለአልፕስ የሚመጥን ቦታ አስፈለጉ። ሆቴሉ የታሰበው ለባለጸጎችና ለሆሊውድ ተዋንያን ሲሆን፣ የነደፉት ጊልበርት ስታንሊ አንደርውድ ናቸው፤ እኚሁ ሰው በቲምበርላይንም አማካሪ ንድፍ አውጪ ነበሩ። ሰን ቫሊ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠናቀቅ ስለነበረበት በኮንክሪት ተሠራ። ኮንክሪቱ ሸካራ ጣውላ በተገጠመበት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈሰሰ፤ ሲደርቅ የእንጨቱን ክርና ጉጥ ይዞ ቀረ፤ ከዚያም በኬሚካል ቡናማ ቀለም ተሰጠው። ዛሬም ቀርቦ ያላየው ሰው እንጨት ነው ብሎ ያልፋል።

በቲምበርላይን ስሌቱ ተገለበጠ። በተለመደው የግንባታ ሥራ የሰው ጉልበት ወጪ ስለሆነ አሠሪው ይቆጥበዋል፤ እዚህ ግን የፕሮግራሙ ዓላማ ለሰው ሥራ መስጠት ስለነበረ፣ ቁሳቁሱ በርካሽና በአካባቢው ከሚገኝ ነገር እንዲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ለደመወዝ እንዲውል ታሰበ። አንድ መቆለፊያ ከሱቅ ተገዝቶ ሊገጠም ሲችል አንጥረኛ ቢቀጠቅጠው፣ አንድ መጋረጃ ከፋብሪካ ሊመጣ ሲችል ሸማኔ ቢሠራው፣ በሌላ ቦታ ብክነት ይባል የነበረው ነገር እዚህ የሥራው ፍሬ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ያለው የእጅ ሥራ ብዛት ከዚህ የበጀት ሕግ የወጣ መሆኑን ካላወቅን፣ የአንድ ጥበብ ወዳድ ባለጸጋ ምርጫ ነው የሚመስለን።

ሠራተኞቹ ከሎጁ በታች ሰሚት ሜዶ በተባለ ሜዳ ላይ በድንኳን ሰፍረው፣ በጭነት መኪና እየተመላለሱ ይሠሩ ነበር። ባለሙያው በሰዓት 90 ሳንቲም፣ ሙያ የሌለው 55 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። ድንጋዩን ከገነቡት መካከል ከጣሊያን የፈለሱ ግንበኞች ነበሩበት፤ ሙያ ያለው ሙያ የሌለውን እያሠለጠነ ነው ሥራው የሄደው። በመጀመሪያው ዓመት በረዶ ሳይቀድማቸው ግድግዳውና ጣራው መዘጋት ነበረበት፤ ያ ከሆነ በኋላ አናጺውና አንጥረኛው በቅዝቃዜው ወራት ውስጥ ውስጡን ሊሠሩ ይችላሉ። ከጁን 1936 እስከ ሴፕቴምበር 1937 ባለው አሥራ አምስት ወር ውስጥ ለምረቃ ደረሰ።

የቤቱ ልብ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የመሐል ክፍል ነው። ሁለት ክንፎች ከዚህ ክፍል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋሉ፤ ሾጣጣ ጣራውም ከኋላው ያለውን የተራራ ጫፍ እንዲመስል ተደርጓል። በክፍሉ መሐል 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ባለ ስድስት ገጽ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ቆሟል፤ ሦስት የእሳት ምድጃ በምድር ቤቱ፣ ሦስት ደግሞ በዋናው አዳራሽ፣ በድምሩ ስድስት ምድጃዎች ወደዚህ አንድ ጭስ ማውጫ ይተነፍሳሉ። ጣራውን የሚሸከሙት ፖንዴሮሳ ከተባለው የጥድ ዓይነት የተጠረቡ ስድስት ግዙፍ ምሰሶዎች ናቸው፤ እነሱም ስድስት ገጽ እንዲኖራቸው በመጥረቢያ በእጅ ነው የተጠረቡት። ቀርቦ ያየ ሰው የመጥረቢያውን ምት አንድ በአንድ ሊቆጥረው ይችላል፤ ምቱ እኩል አይደለም፣ ከላይ ወደ ታች ትንሽ ትንሽ ሞገድ እየሠራ ይወርዳል፣ ከምድጃው የሚመጣው ብርሃንም በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ ለየብቻው ያርፋል። በጣራው ጫፍ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ የዱር ዝይን አምሳል የያዘና 340 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የነሐስ ምልክት ተተክሏል።

ጣራው ለምን ያን ያህል ቁልቁል ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ክብደት ነው። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። ሰንብቶ የተጠቀጠቀና የረጠበ በረዶ ግን በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በካስኬድ ተራሮች የሚወርደው በረዶ ከውቅያኖስ ቅርበት የተነሳ እርጥብና ከባድ ስለሆነ፣ የአካባቢው የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች የካስኬድ ሲሚንቶ ይሉታል። ይህ በረዶ በለጥ ያለ ጣራ ላይ ሦስት ሜትር ቢከመር በየካሬ ሜትሩ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ጣራ ላይ ብዙ መኪና እንደማቆም ያለ ነገር ነው። ቁልቁል ጣራ ሸክሙን ከመያዝ ይልቅ ያወርደዋል። ነገር ግን ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ ከጣራ የተንሸራተተው በረዶ ከግድግዳው ሥር ይከመርና ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ያረጥበዋል። የታችኛው ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ እንጨቱ የሚጀምረው የበረዶው ጫና ከሚበዛበት በላይ ነው። ድንጋዩም ለውበት ብቻ የመጣ አይመስልም፤ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ከተራራው ራሱ የበቀለ ነው የሚመስለው። ይህም ሆኖ በረዶው ሲበዛ ወደ በሩ የሚደረሰው ለዚሁ በሚገጠም የመተላለፊያ ዋሻ ውስጥ በማለፍ ነው።

ውስጡን ያሳመሩት ማርጀሪ ሆፍማን ስሚዝ የተባሉ የፖርትላንድ ባለሙያ ናቸው። እኚህ ሴት ያመጡት አሠራር በጣም የታሰበበት ነው። የቤቱ ጌጥ በሦስት ነገር ዙሪያ እንዲያጠነጥን አደረጉ፤ ወደ ኦሪገን በሠረገላ የመጡት ሰፋሪዎች፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ጥለት፣ እና የአካባቢው እንስሳትና ዕፅዋት። መኝታ ክፍሎቹ በተራራው ላይ በሚበቅሉ አበቦች ተመደቡ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ ስጋጃውና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የውሃ ቀለም ሥዕል ሁሉም ስለ አንድ አበባ ያወራሉ። ለዚህ ሁሉ የሚሆን ጥሬ ዕቃ በበጀቱ ስላልነበረ ከተጣለው ተፈለገ። ወጣት ሥራ አጦችን በደን ልማት ካሰማራው ሌላው የመንግሥት ፕሮግራም የተረፉ አሮጌ ብርድ ልብሶችና የደንብ ልብሶች ተተልትለው ስጋጃ ሆኑ። በምድጃው ውስጥ ግንድ የሚደገፍበት ብረት ከባቡር ሐዲድ ተቆርጦ ተቀጠቀጠ። የእሳቱን ፍንጣሪ የሚያግደው መጋረጃ መሰል መከላከያ የተሠራው በበረዶ ላይ ጎማ እንዳያንሸራትት ከሚታሰረው የመኪና ሰንሰለት ነው። እነዚህን ዕቃዎች ስናይ የእጥረት ምልክት አይታይባቸውም፤ ሐዲዱ እንደ ዕፅ ተጠማዝዞ፣ ሰንሰለቱ እንደ ጨርቅ ተንዘርፍፎ ይታያል። አንጥረኛው የሰጠው ጊዜ ነው ይህን ያደረገው።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መጥተው ሎጁን መረቁ፤ በዚያው ቀን በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የተሠራውንም የቦንቪል ግድብ መርቀዋል። በመታሰቢያው ጽሑፍ ላይ ሎጁ የዎርክስ ፕሮግረስ አድሚኒስትሬሽን ሠራተኞች ሙያና ታማኝ አገልግሎት ሐውልት እንዲሆን መመረቁ ተመልክቷል። አንድ መንግሥት ሕንፃን ለጄኔራል ወይም ለመሪ ሳይሆን ደመወዝተኛ ለነበሩ ሥራ አጦች መታሰቢያ ማድረጉ ዛሬም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። ለሕዝብ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 1938 ነው።

ሆቴሉ ያለ ስፖርቱ ሊኖር ስለማይችል ስለ ማመላለሻውም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ ተንሸራታቹ የሚወርደውን ቁልቁለት መጀመሪያ በእግሩ ይወጣው ወይም በሚጎትት ገመድ ይንጠለጠል ነበር። በሰን ቫሊ በ1936 የባቡር ኩባንያው መሐንዲስ ጄምስ ከራን ቀድሞ የሙዝ ዘለላ ወደ መርከብ ለመጫን የሚያገለግለውን በመንጠቆ የሚጓዝ ገመድ አስታውሰው፣ በመንጠቆው ፋንታ ወንበር ሰቀሉበት፤ ሰዎችን በወንበር ተሸክሞ ተራራ የሚያወጣው ገመድ በዚህ ተጀመረ። ቲምበርላይን በ1939 ማጂክ ማይል የተባለውን የራሱን ወንበር ሲተክል በዓለም ከቀደሙት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በላይኛው ጫፉ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሲልኮክስ የተባለ የድንጋይ ጎጆ ተሠራለት፤ ጎጆው ታድሶ አሁንም እንግዳ ይቀበላል። በ1978 ደግሞ ከዚያ በላይ ወዳለው የፓልመር የበረዶ መስክ የሚያወጣ ሌላ ወንበር ተጨመረ፤ የበረዶ መስኩ በሞቃቱ ወራትም ሙሉ በሙሉ ስለማይቀልጥ፣ ቲምበርላይን ሌሎች የሸርተቴ ቦታዎች ሲዘጉ ሰው የሚያስተናግድ ቦታ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለኔ ከግንባታው ይልቅ ያስተምራል። ሕንፃውን የሠራው መንግሥት ቢሆንም፣ መንግሥት ሆቴል አያስተዳድርም በሚል ሐሳብ ሎጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፈቃድ ለአስተዳዳሪዎች ይሰጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 እስከ 1945 ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ አስተዳዳሪዎች ቢቀያየሩም ሥራው አልተሳካላቸውም፤ በ1955 የመብራት ክፍያ ሳይከፈል ቀርቶ ኃይል ተቋረጠ፣ ሎጁም ተዘጋ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሁኔታ የሚያሳዝን ነው፤ የእጅ ሥራው ተጎሳቁሎ፣ ስጋጃና መጋረጃው አልቆ ወይም ጠፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ኮንስታም የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሰው፣ ፈቃዱን ወስደው ገቡበት። ሆቴል አስተዳድረው አያውቁም ነበር። ሆኖም እስከ ዛሬ ሎጁን የሚያስተዳድረው እሳቸው ያቋቋሙት የቤተሰብ ድርጅት ነው።

የአስተዳደሩ ሥርዓት ለብዙ ሰው ግልጽ ስላልሆነ ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። መሬቱም ሎጁም የሕዝብ ናቸው፤ ባለቤቱን ወክሎ የሚቆመው የደን አገልግሎት ነው። ድርጅቱ ልዩ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይዞ ሆቴሉንና ሸርተቴውን ያንቀሳቅሳል፣ ከገቢውም ለመንግሥት ይከፍላል። በ1977 ሎጁ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ታሪካዊ ክፍሉን የሚነካ ለውጥ እንዲሁ በድርጅቱ ፍላጎት ብቻ ሊደረግ አይችልም። ሦስተኛው ወገን በ1975 የተቋቋመው የቲምበርላይን ወዳጆች የተባለው ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ገንዘብ እያሰባሰበ የእጅ ሥራው እንዲታደስ ያደርጋል። ሦስቱም ወገኖች የተለያየ ነገር ይፈልጋሉ። ድርጅቱ እንግዳ እንዲበዛለት ይፈልጋል፣ የደን አገልግሎቱ ሕጉ እንዲከበር፣ ማኅበሩ ጥበቡ እንዳይጠፋ። የእንግዳው ብዛት አሮጌውን ቤት እየጎዳው ሲመጣ የተገኘው መፍትሔ የሦስቱን ፍላጎት ያስታረቀ ነበር፤ በ1981 ዋይኢስት የተባለ ሌላ ሕንፃ በአጠገቡ ተሠርቶ፣ ለአንድ ቀን ለመንሸራተት የሚመጣው ሕዝብ በከባድ የሸርተቴ ጫማው የሚረግጠው ወለል ያኛው ሆነ። ፖርትላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በረዶ ለማሳየት ወደ ተራራው ሲወጡም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኙት ይህን አዲሱን ቤት ነው፤ አሮጌውን ለማየት ጥቂት እርምጃ መጨመር ያስፈልጋል።

ሙዚየም ውስጥ ያለ ስጋጃ በመስታወት ተሸፍኖ ሊቀመጥ ይችላል። ቲምበርላይን ግን ሆቴል ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ ይበላበታል፣ እርጥብ ልብሱን ያሰጣበታል። በምድጃዎቹ ውስጥም እውነተኛ እሳት ይነድባቸዋል። የዚህ አደጋ በኤፕሪል 18 ቀን 2024 ምሽት ታየ፤ ከምድጃው የተነሳ ፍንጣሪ ጣራው ላይ አርፎ እንዳቀጣጠለው የታመነበት እሳት በሎጁ ላይ ተነሳ። እንግዶችና ሠራተኞች ወጡ፣ የሞተም የተጎዳም ሰው አልነበረም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአካባቢው ተጠራርተው አጠፉት፣ ሎጁም በቀናት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ላዩ ከስሎ ውስጡን ስለሚከላከልለት እነዚያን ግዙፍ ምሰሶዎች እሳት ቶሎ አይጥላቸውም፤ አደጋው ያለው በጣራው ላይ ባለው ስስ የእንጨት ክዳንና ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ነው። እሳቱን ለማጥፋት የሚረጨው ውሃም ከእሳቱ የማይተናነስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የጨርቁ ጉዳይ ከእሳቱ ይልቅ ዝግ ያለ፣ ግን የማያቋርጥ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመጀመሪያዎቹ መጋረጃዎችና ስጋጃዎች የተረፉት ጥቂት ነበሩ። የሚገርመው፣ እድሳቱ የተጀመረው እንደገና መንግሥት ለሥራ ፈላጊዎች ሥልጠናና ቅጥር በመደበው ገንዘብ ነው፤ ሸማኔዎችና ስፌት አዋቂዎች ተቀጥረው፣ ከተረፉት ናሙናዎች፣ ከድሮ ፎቶግራፎችና ከንድፎቹ ላይ እየቀዱ ሙሉውን ሠሩት። ያ የተቀዳውም በተራው ስላለቀ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እንደገና ተሠርቷል። የሱፍ ብርድ ልብሱ ከእንግዲህ ስለማይገኝ ስጋጃው የሚሠራው ከአዲስ ሱፍ ነው፤ ቀለሙ ከአሮጌው ጋር እየተመሳከረ ይነከራል፣ ጥለቱ እንዳለ ይቀዳል። አንዱ ክፍል አበባው ሲደበዝዝበት ስጋጃው ይነሳና ያው አበባ በአዲስ ሱፍ ተሠርቶ በቦታው ይነጠፋል።